«ሃይማኖት ተምሬ ምን እበላለሁ?» ላለን ዲያቆን

ወንድሜ ዲያቆን፣ ወረፋ አስዘልዬ የምመልስልህ ደብዳቤህ ውስጥ ደሜን የሚያፈላ ነገር ስላለ ነው። አንባቢም እንዲከተለን ጭብጡን ልናገር። ዕድሜህ 20 ነው፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመትህን ልትጨርስ ነው። ዳዊት ደግመሃል፣ እሑድ እሑድ ትቀድሳለህ፤ አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረህ ሃይማኖትና ቲዎሎጂ ማጥናት ትፈልጋለህ። ወላጆችህ «ነርሲንግ ካልሆነ አንረዳህም» ብለዋል። አባትህ በሚገዙት ቤት ብድር ላይ ስምህ እንዲገባ ጠይቀዋል። አንድ የአጥቢያህ ሰው በኦንላይን በጥቂት ወር የቲዎሎጂ ዲግሪ የሚሰጥ ኮሌጅ ጠቁሞሃል። ዩኒቨርሲቲው እምነትህን እንዳይሸረሽረውም ትሰጋለህ።

ዋናው «ሃይማኖት ተምሮ የጠገበ አላየሁም» ያሉት የእናትህ ቃል ነው። እናትህ ያዩትን ነው የተናገሩት። አገር ቤት ዕድሜውን በድጓና በቅኔ ጨርሶ ሲያረጅ የሰው ፊት የሚያይ መሪጌታ ያውቃሉ። እዚህም ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ሌሊቱን ማሕሌት የሚቆም አገልጋይ ሞልቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቦርድ የሕንፃውን ብድር በወሩ ይከፍላል፣ አገልጋዩን ግን «ለጽድቅህ ነው» ይለዋል። ይህ ነውር ነው። ጥፋቱ ግን ሰውን በነጻ ማሠራት የለመድነው የእኛ ነው፤ በትምህርቱ አይሳበብ።

ስለዚህ ደመወዝህን ከአጥቢያ አትጠብቅ። ለአንተ የሚታየኝ መንገድ ቻፕሊንነት ነው፦ በሆስፒታል፣ በሆስፒስ (ሊሞቱ የተቃረቡ ታማሚዎች በሚታገዙበት አገልግሎት)፣ በማረሚያ ቤት ወይም በጦር ሠራዊት በደመወዝ ተቀጥሮ ታማሚንና ቤተሰቡን በመንፈስ ማገዝ። (እኔም እንጀራዬ ከሆስፒታል ነው፤ ወደዚያ ሳደላ ብታይ አይግረምህ።) ቦታው በቸርነት የሚገኝ አይደለም። ከሜዲኬር (ከመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ክፍያ የሚቀበል ሆስፒስ ሁሉ ለታማሚዎቹ መንፈሳዊ ምክር የማቅረብ ግዴታ በደንብ ተጥሎበታል። ቻፕሊን የሚቀጥረው ስለዚህ ነው።

ወደዚህ ሥራ የሚያስገባህ ደግሞ የባችለር ሜጀርህ (ዋና የጥናት መስክህ) አይደለም። በቤታችሁ የተነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ በተሳሳተ ነገር ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው። ባችለር 120 ክሬዲት ያህል ነው፤ የሃይማኖት ሜጀር ከዚያ ውስጥ የሚይዘው ከ30 እስከ 36 ነው። ቀጣሪ የሚመዝነው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። መጀመሪያ 72 ክሬዲት ያለው፣ በሙሉ ጊዜ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ የሚባል የቲዎሎጂ ማስተርስ አለ። ቀጥሎ ሲፒኢ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና አራት ዙር፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያንህ የድጋፍ ደብዳቤ። ለቦርድ ሰርተፊኬት (ለቻፕሊንነት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ከሥልጠናው በኋላ 2,000 ሰዓት የሥራ ልምድና በኮሚቴ ፊት ቃለ መጠይቅ ይጨመራል፤ ብዙ ሆስፒታሎች ግን አራቱን ዙር የጨረሰ ሰው ቀጥረው ሰርተፊኬቱን በሥራ ላይ እያለ እንዲያወጣ ጊዜ ይሰጡታል።

ሲፒኢን ዘርዘር ላድርግልህ፤ የእኛ ልጆች የሚደናቀፉት እዚያ ነው። አንዱ ዙር 400 ሰዓት ነው፤ ቢያንስ 100 በትምህርት፣ ቀሪው በአብዛኛው አልጋ ዳር። ሰመር ላይ በሙሉ ጊዜ ከያዝከው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ለዚያ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ አንተ ነህ። አንዱን ካለፍክ በኋላ ግን ሬዚደንሲ ለሚባለው የአንድ ዓመት ቦታ ትወዳደራለህ፤ ካገኘኸው ቀሪዎቹን ዙሮች አበል እየተከፈለህ ትጨርሳለህ።

የሥልጠናው ዋና መሣሪያ ቨርባቲም ይባላል። ከታማሚ ጋር የተነጋገርከውን ከክፍሉ እንደወጣህ ቃል በቃል ጽፈህ ለቡድኑ ታቀርባለህ፤ ያንተ ንግግር ቻ1፣ ቻ2፣ የታማሚው ታ1፣ ታ2 እየተባለ ይቆጠራል። ነገ ቀዶ ሕክምና ያለባቸው እናት ታ2 ላይ «ልጄ እንኳ ትናንት ብቅ አላለም» አሉ እንበል። አንተ ቻ3 ላይ «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንጸልይ» ብለሃል። አሠልጣኙ ጸሎቱን አይነቅፍም። የሚጠይቅህ እናትየው ስለ ልጃቸው ሊያወሩ ከጀመሩ ለምን አስቆምካቸው ብሎ ነው። ጸሎት ያስፈለገው ለእሳቸው ነበር ወይስ አንተ ዝምታው ስለከበደህ? ዐውደ ምሕረት ላይ መስበክ የለመደ ሰው ይህ ጥያቄ ሲመጣበት ይቆጣል፣ ስለ ዶግማ ይከራከራል፣ ሥልጠናውም ይበላሽበታል።

ሌላም አለ። የምትገባበት ክፍል ውስጥ ሙስሊም፣ ጴንጤ፣ ምንም የማያምን ሰው ይኖራል፤ ልታሳምነው አልተቀጠርክም። ይህን ካልቻልክ አሁኑኑ ተወው። ኦርቶዶክስ ታማሚ ንስሐ ልግባ ካለህ ሥልጣኑ የካህን ነውና የንስሐ አባቱን ትጠራለህ። አማርኛ ስለምትችል ሐኪሙ «አስተርጉምልኝ» ሲልህም እሺ አትበል፤ የሕክምና አስተርጓሚ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ሁለቱን ስትደርብ ታማሚው አንተን የሐኪሙ ሰው አድርጎ ያይሃል።

የድጋፍ ደብዳቤው ከሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ግን እሱ ላይ ነው። ሆስፒታሉ በቤተ እምነትህ ዘንድ በመልካም የምትታወቅ መሆንህን የሚያረጋግጥ ኦፊሴላዊ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ለአንተ ያ ማለት የሀገረ ስብከትህ ሊቀ ጳጳስ ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋሽንግተን ላይ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች ከታረቁ ወዲህ ነገሩ ቀሏል፤ ግን የምታገለግልበት አጥቢያ «ገለልተኛ» ከሆነ፣ ማለትም በየትኛውም ሀገረ ስብከት ሥር ካልሆነ፣ የአጥቢያው ቦርድ ማኅተም ላይበቃ ይችላል። አጥቢያህ በየትኛው ሀገረ ስብከት ሥር እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቅ። የተቀበልከውን የክህነት ማስረጃም ከአገር ቤት አስመጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትፈልገው የሾሙህ አባት ላይገኙ ይችላሉ።

አሁን ገንዘቡ። ቀሪ ሁለት የባችለር ዓመታትህን ቤት እየኖርክ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጨርስ። ጆርጅ ሜሰን አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ከኮሌጅህ ይቀበላል፤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም ከኮሚኒቲ ኮሌጆቹ ጋር የመግቢያ ስምምነት አለው፣ ግን ሻርሎትስቪል ኪራይ አለብህ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙላ፤ በወላጆችህ ገቢ መጠን ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ እርዳታ ልታገኝ ትችላለህ፣ ጣሪያው በ2025-26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው። እንዳንተ በወላጅ ሥር ላለ ተማሪ የፌዴራል ብድር ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በዓመት እስከ 7,500 ነው። ሁለቱን ዓመት ሙሉ ብትወስድ 15,000 ነው፤ ከዚያ በላይ፣ በተለይ የባንክ ብድር፣ ለዚህ ሙያ አልመክርም። ለማስተርሱ ሴሚናሪዎች (የቲዎሎጂ ትምህርት ቤቶች) የትምህርት ክፍያውን በከፊልም በሙሉም የሚሸፍን ስኮላርሺፕ አላቸው፤ ሳይሰጡህ አትግባ። ዋሽንግተን ውስጥ የሃዋርድ ዲቪኒቲ ስኩል አለ። ኦርቶዶክሳዊ ከፈለግክ ኒውዮርክ ያለው የቅዱስ ቭላድሚር ሴሚናሪ የእኛን እኅት አብያተ ክርስቲያናት ተማሪዎች ያስተምራል።

ለወላጆችህ ሳትዋሽ ንገራቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የነርሶች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 93,600 ዶላር ነበር፣ የቻፕሊን ከዚያ በብዙ ያንሳል። ነርስ በሁለት ሦስት ዓመት ሥራ ትይዛለች፤ አንተ ስድስት ዓመት ይቀርሃል። ከዚህ በኋላ «ዕዳህ ስንት ይሆናል?» ብለው መጠየቅ መብታቸው ነው፤ ምን አንብብ ማለት ግን አይደለም። ደም ሲያይ የሚያዞረውን ልጅ ለደመወዙ ሲሉ ነርሲንግ ማስገባት የታማሚውን ነገር መርሳት ነው። አንተ ራስህ «ደም አልወድም» ብለሃል፤ እናትህ ሆም ኬር ስለሚሠሩ ይህን ከማንም በላይ ሊረዱ ይገባል።

የቤት ብድሩ ላይ አትፈርም። ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ዕዳ በስምህ ይዘህ፣ ሥራህን ለማስተርስና ለሬዚደንሲ መልቀቅ አትችልም።

የኦንላይኑን ኮሌጅ ተወው። ቨርጂኒያ መንፈሳዊ ትምህርት ቤቶች ከግዛቱ ፈቃድ ነጻ እንዲሆኑ ትፈቅዳለች፤ «ኤግዘምፕት» የሚለውን ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅለው እውቅና ያስመስሉታል። ክሬዲቱ አይዛወርም፣ ፔል አይሠራበትም፣ ለቦርድ ሰርተፊኬት የሚያስፈልገው 72 ውስጥም አይቆጠርልህም። የትኛውንም ትምህርት ቤት የፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት በሚያወጣው የአክሬዲቴሽን ዝርዝር ውስጥ ፈልገው፤ ሴሚናሪ ከሆነ የሴሚናሪዎች እውቅና ሰጪ የሆነው ኤቲኤስ ያጸደቀው መሆኑን እይ።

እምነትህን በተመለከተ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሃይማኖት እንደ ታሪክና እንደ ጽሑፍ ነው የሚጠናው። ኦሪት ከተለያዩ ምንጮች ተሰብስቧል የሚለውን በመጀመሪያው ሴሚስተር ትሰማዋለህ። ፈተና ላይ ክርክሩን በማስረጃ አቅርብ፤ ጥቅስ ደርድረህ ብቻ ብትመልስ ሲ ይሰጥሃል፣ በሃይማኖትህ ምክንያትም አይደለም።

ግእዝህን ግን አትጣለው። መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተረፉት በግእዝ ብቻ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ የኢትዮጵያ ብራና ስብስብ አለው፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም ግእዝ ያስተምራል። የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1957 ካይሮ ከኮፕቲክ የቲዎሎጂ ኮሌጅ ተመርቀው ነው ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን የሠሩት፤ ከዚያም ሚኒሶታ ላይ የብራና ማይክሮፊልሞችን ካታሎግ አዘጋጁ። ይህ መንገድ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ማንበብን ይጠይቃል፣ የሥራ ቦታውም በጣት የሚቆጠር ነው፤ ለዚህ ነው አንደኛ ያላደረግሁልህ።

የመዛወሪያ ማመልከቻህን ከማስገባትህ በፊት ቤትህ አቅራቢያ ላለ ሆስፒስ በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝገብ። የሜዲኬር ደንብ በጎ ፈቃደኞች ከታማሚ እንክብካቤው ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶውን እንዲሸፍኑ ስለሚያስገድድ ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። የቲቢ ምርመራና የወንጀል ማጣሪያ ይጠይቁሃል፣ የጥቂት ቀን ሥልጠና ይሰጡሃል። የዲቁና ልብስህን ሳትለብስ፣ መስቀል ሳትይዝ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ከሚሞት ሰው ጋር ተቀመጥ።