በማርች መጨረሻ ዘርማት በረዶ አለ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ በማርች መጨረሻ ከልጆች ጋር ለስኪ ስዊዘርላንድ፣ ዘርማት ልትሄዱ አስባችሁ፣ አንዱ በረዶው አልቋል፣ ሌላው ገና ሙሉ ነው ብሎሽ ግራ ገብቶሻል። ሁለቱም አልዋሹሽም። አንዱ ያየው መንደሩን ነው፣ ሌላው ተራራውን። መንደሩ 1,620 ሜትር ላይ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ደጃፉ ላይ ሣር ብታዪ አይግረምሽ። ከመንደሩ በባቡር የሚወጣበት ጎርነርግራት ግን 3,089 ሜትር ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚወጣው ኬብል ካር ደግሞ 3,883 ድረስ ያወጣሻል። እዚያ ገና ዊንተር ነው።

ችግሩ እኛ ሁሉንም በረዶ ብለን እንጠራለን። በማርች ግን በአንድ ቀን፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ ሦስት ዓይነት በረዶ ታገኛለሽ። ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ቀን የቀለጠው ሌሊት ይጋገራል፣ ጠዋት ከእግርሽ ሥር መስታወት ነው፣ ስኪው ሲፍቀው ድምፁ ብቻ ያስፈራል። ፀሐይ ሲመታው ላይ ላዩ ይላላና ቂንጬ ይመስላል። ምርጡ ይሄ ነው! ስኪው ራሱ የሚዞርልሽ ነው የሚመስልሽ። ከዚያ ገንፎ ይሆናል፣ ያኔ በቃ።

በሀበሻ ሰዓት ብነግርሽ፣ እኔ የምወደው ከ4 እስከ 7 ያለውን ነው። ደመና ከዋለ ግን ጭራሽ ላይላላም ይችላል። ደግሞ የማርች የመጨረሻ እሁድ ሰዓት ወደፊት ስለሚዞር ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ሰዓት ይዘገያል። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የዞረውን ቁልቁለት ያዙ፣ ወደ ሰሜን የዞረውን ለኋላ አቆዩት፣ እሱ ቶሎ አይበላሽም። ለጀማሪ ልጆች ከመንደሩ በላይ ሱኔጋ የሚባለው ቦታ ላይ የተዘጋጀ መለማመጃ አለ፣ ግን ፀሐይ ስለሚበዛበት ረፋዱን ጨርሱ።

እኔ ጉልበቴ ወለም ያለኝ ገንፎው ላይ ነው። ደክሞኛል፣ ሰዓቱ ሄዷል፣ ግን እስከ መንደሩ በስኪ ልውረድ አልኩ። ታች ያለው እርጥብ በረዶ ስኪውን ማስቲካ እንደረገጠ ጫማ ያዝ አደረገው፣ እኔ ግን መንገዴን ቀጠልኩ። ሦስት ሳምንት በክራንች። አሁን ከሰዓት በኋላ በባቡር ነው የምወርደው፣ የፈለገ ይሳቅ።

ከተከለለው መንገድ ደግሞ አትውጡ። ቀኑ ሲሞቅ እርጥቡ በረዶ ይናዳል፣ ዳቮስ ያለው የስዊስ የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም (SLF) ከ1 እስከ 5 የአደጋ ደረጃ እየሰጠ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ጠዋት ጠዋት እዩት።

ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም የሚልሽን አትስሚ። ብርሃኑ በረዶው ላይ ነጥሮ ከሥር ነው የሚመጣው፣ እኔን አገጬ ሥር ነው የላጠኝ፣ ክሬም መቀባት ማን አስቦት! ለልጆቹም መነጽር እንዳትረሺ።

በመኪና ከሆነ የምትመጡት፣ ዘርማት መኪና ስለማያስገባ ከታች ያለችው መንደር ቴሽ ላይ አቁማችሁ በባቡር 12 ደቂቃ ነው። ልጆቹ ግን ስንት ዓመታቸው ነው? ከዚህ በፊት ስኪ ረግጠው ያውቃሉ?