አሬስተሩ ደህና ነበር፤ የተቃጠለው ዲናሞዬ ነው

ወንድሜ፣ «ወፍጮ ቤቴ ጣራ ላይ የመብረቅ መከላከያ እያለ ዲናሞዬ በመብረቅ ተቃጠለ፣ ምን ላድርግ?» ያልከውን ሳነብ የራሴ ሐምሌ ትዝ አለኝ። እንደኔ የመብራት መስመሩ ጫፍ ላይ መሆን አለብህ።

1. የጣራው ብረት የሚጠብቀው ቤቱን ነው። መብረቁ ሩቅ ቦታ መስመሩን ወይም አጠገቡን ቢመታ በሽቦው ይመጣልሃል። ስታብላይዘር አያድንህም። ብሬከርም ሳይዘል ነገሩ አልቋል፤ በማይክሮ ሰከንድ ነው የሚያልፈው። ዋናው ቦርድ ላይ አሬስተር አስገባ፤ በሽቦው የመጣውን የመብረቅ ኃይል ወደ መሬት የሚያወርድ ትንሽ መሣሪያ ነው።

2. ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦና መሬት ውስጥ የሚተከል የብረት ዘንግ፣ የሌለው አሬስተር ጌጥ ነው። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ባለሙያ ተብዬው የኧርዙን ሽቦ ቀለም ከተቀባ የአጥር ብረት ጋር ጠመዘዘው። የተረፈውንም «አይባክን» ብሎ እንደ ገመድ ጠቅልሎ አሰረው። ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ መሆን እንዳለበት ያኔ አላውቅም። «ዘንጉስ?» ስለው «ብረቱ መሬት ገብቶ የለ እንዴ?» አለኝ። ዝም አልኩ። አንድ ከሰዓት ብልጭ አለና ዲናሞው ጨሰ። ደንበኞቼ ጆንያቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ሄዱ። የአሬስተሯ ትንሽ መስኮት ግን አረንጓዴ እንደሆነች ነበረች። ምንም አልነካትም! ዲናሞውን ለማስጠቅለል የከፈልኩትን አትጠይቀኝ።

3. ኧርዙን በመሣሪያ አስለካ፣ ያውም በበጋ። በክረምት እርጥቡ መሬት ያታልልሃል። መቋቋሙ (ሬዚስታንሱ) ከ10 ኦም በታች ይሁን። የኔ መሬት ድንጋያማ ነው፤ አንድ ዘንግ 24 አሳየ። አራት ተክለን፣ አራርቀን፣ በመዳብ ስናያይዛቸው ወደ 8 ወረደ። ዘንጉ ሥር ጨው ጨምር የሚልህን አትስማ፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ዘንጉንም ይበላዋል።

4. ትራንስፎርመሩን ቀና ብለህ እይ። እኛ ጋ መስመሩ 15 ኪሎ ቮልት ነው፤ አሬስተሮቹ እላዩ ላይ አሉ፣ ወደ መሬት የሚወርደውን መዳብ ግን ሌባ ቆርጦታል። ለሚመለከተው ቢሮ ሳመለክት «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በአራተኛው ቀን የተቆረጠውን ጫፍ በስልኬ አንስቼ ሳሳያት፣ ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል «አንተ ደግሞ መሐንዲስ ነህ?» አለችኝ። መጥተው የቀጠሉት መስከረም ላይ ነው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ። ቢሆንም ራስህ እንዳትነካው፣ ሰው የሚጨርስ ነገር ነው።

ዘንድሮ ሰፈሩን ሲመታ የጎረቤቴ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተቃጠሉ። እኔ ጋ የአሬስተሯ መስኮት ቀይ ሆና አገኘኋት፤ ምቱን እሷ ተቀብላዋለች። አሬስተሯን ቀየርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ጤፍ ፈጨሁ።