መልስ፦ የጤና መድን የሌላቸው ወጣት ወንዶች ለምን በዙ?

በአሜሪካ የጤና መድን ከሌላቸው መካከል ወጣት ወንዶች ለምን እንደሚበዙ ለጠየቁት፣ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የወጣቶች ግድ የለሽነት ሳይሆን የሕጉ አወቃቀር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ልጆች 26 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በወላጆቻቸው መድን ሥር እንዲቆዩ ስለሚፈቅድ፣ ያ የልደት ቀን ካለፈ በኋላ አሠሪው መድን የማይገዛለት ወጣት መድን በራሱ እንዲገዛ የሚሰጠውን የ60 ቀን ልዩ የመመዝገቢያ ጊዜ ካላስተዋለ ያለ ሽፋን ይቀራል። 65 ዓመት የሞላቸው ግን፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ አብዛኞቹ በሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ይሸፈናሉ። የጾታው ልዩነት በከፊል የሚመነጨው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ለድሆች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ነፍሰ ጡሮች በቅድሚያ ስለሚያቅፍ ነው፤ ፕሮግራሙን ለድሃ ጎልማሶች ሁሉ ባላሰፋችው በቴክሳስ ግዛት፣ ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ የቱንም ያህል ድሃ ቢሆን በድህነቱ ብቻ አይመዘገብም።