ኮዱን ከመልቀቅህ በፊት ፊርማውን ጨርስ

ወንድሜ፣ "ለመስሪያ ቤት የሰራነውን ትልቅ ሲስተም ለአፓቺ ፋውንዴሽን መስጠት አስበናል፣ ከየት እንጀምር" ላልከው (አፓቺ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ሶፍትዌሮችን የሚይዝ የውጭ ድርጅት ነው)፣ እኛ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሆነን ያለፍንበት ስለሆነ ልንገርህ። ሪፖ (የኮዱን ማከማቻ) ማጽዳቱንና ፕሮፖዛል አጻጻፉን ሌሎቹ ይነግሩሃል፣ እሱ ቀላሉ ነው።

1. የኮዱ ባለቤት ማን እንደሆነ በወረቀት አረጋግጥ። እኛ ጻፍነው ማለት የኛ ነው ማለት አይደለም። በቅጂ መብት አዋጁ በ410/1996 መሰረት ተቀጥረህ የሰራኸው ስራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሰሪህ ነው፣ ሶፍትዌርም እዛው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የአፓቺን የሶፍትዌር ግራንት ፎርም (ኮዱ የሚሰጥበትን ቅጽ) የሚፈርመው አሰሪህ ነው።

2. ፊርማው። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። የኛ የመጋዘንና የማዳበሪያ ስርጭት ሲስተም ነው፣ ያሰራን መስሪያ ቤት ሃላፊው ፎርሙን ሳያነቡት ወደ ህግ ክፍል መሩት፣ ህግ ክፍል ደግሞ "ንብረት ነው" ብሎ ወደ ንብረት አስተዳደር፣ እዛ ያሉት ሰውዬ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን "የመስሪያ ቤት ንብረት የሚወጣው በጨረታ ነው፣ በነጻ ለፈረንጅ ልትሰጡ ነው እንዴ?" አሉን። እንደ ሌባ ነው የቆጠሩን። ያንን ሲስተም እኮ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርበን እያደርን ነው የሰራነው፣ እስከዛሬ ያመኛል።

በሩን የከፈተልን አንድ ነገር ነው፣ እሱን ያዝልኝ፦ አፓቺ ኮፒራይቱን አይወስድም። ግራንቱ የመጠቀም ፈቃድ ነው፣ ባለቤትነቱ መስሪያ ቤቱ ጋ ይቀራል፣ በኮዱም የፈለገውን መስራት ይችላል። ይሄን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን ከፎርሙ ትርጉም ጋር አያይዘን በመዝገብ ቤት በኩል አስገባን። ከዛ አዲስ የተመደቡ የህግ ባለሙያ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ቁጭ ብለው አንብበው ራሳቸው ይዘውት ገብተው አስፈረሙልን።

ስሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ የፕሮጀክቱ ስም ለፋውንዴሽኑ ነው የሚሰጠው። ኦራክል የሚባለው ኩባንያ ጃቫ ኢኢ የሚባለውን የፕሮግራም መስሪያ እንደ አፓቺ ላለ ሌላ ድርጅት፣ ለኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲሰጥ ስሙን ስላልለቀቀ ጃካርታ ኢኢ ተባለ፣ ኋላ ኮዱ ውስጥ ያለው ጃቫክስ የሚለው ስያሜም ወደ ጃካርታ ተቀየረና ስንቱ ዴቨሎፐር ፕሮግራሙን እንደገና ነካካ። ያንተ የመስሪያ ቤቱን ስም ከያዘ አሁኑኑ ቀይረው።

3. ጊት (ኮዱን ማን እንደጻፈው የሚመዘግበው) ላይ ያለውን ስም ሁሉ ዘርዝረህ ያዝ። ለልምምድ የመጣ ልጅ የስራ ውል የለውም፣ እሱ ለብቻው መፈረም አለበት። የኛ አንዱ መንዝ መሀል ሜዳ ገብቶ ስልኩ አይሰራም፣ ጓደኛችን ድረስ ሄዶ አስፈርሞት መጣ።

ላይብረሪዎችህንም (ሌሎች ጽፈውት የተጠቀምክበትን ኮድ) እያቸው፣ ጂፒኤል (የተቀላቀለው ኮድ ሁሉ በሱ ደንብ እንዲለቀቅ የሚያስገድድ ፈቃድ ነው) ላይ የቆመ ኮድ አፓቺ አይለቅም። የኛ ዘመን መቀየሪያ (የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው) ጂፒኤል ስለነበር ከባዶ ጻፍነው፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን እንኳ አይሳሳትም፣ ከሲስተሙ ሁሉ የምኮራው በሱ ነው።

ለአለቆችህ ደግሞ ቀን ቆርጠህ አትንገራቸው፣ ኔትቢንስን (ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ነው) የሚያህል ፕሮጀክት እንኳ ኢንኩቤተር (አፓቺ አዲስ ፕሮጀክት የሚያለማምድበት) የገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ የወጣው በ2019። ያንን አንድ ገጽ ማብራሪያ ከፈለግክ ኢንቦክስ ጻፍልኝ፣ የመስሪያ ቤቱን ስም አውጥቼ እልክልሃለሁ።