ለንደን ቆይታ ወደ ቶሮንቶ ለምትሻገረው እህታችን፦ ከአዳፕተሩ በፊት የፔስትራሽን ጀርባ አንብቢ

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። "ለንደን ሁለት ሳምንት ቆይቼ ወደ ቶሮንቶ እሻገራለሁ፣ ስልክ ላፕቶፕ ፓወር ባንክና ፔስትራ ይዣለሁ፣ አንድ ዩኒቨርሳል አዳፕተር ይበቃኛል ወይ" ነው ያልሽው። ከላይ "አዎ ይበቃል ምንም ችግር የለውም" ያሉሽ ልጆች ለስልኩና ለላፕቶፑ ልክ ናቸው፣ ፔስትራው ግን ሌላ ነገር ነው፣ እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ፣ ማለቴ ማሽኔ ተቃጥሏል።

አሜሪካ ሄጄ አንድ የምወዳት ቶንዶስ ገዝቼ ነበር። በኋላ በርሊን ሆቴል ውስጥ፣ ማታ፣ በማግስቱ ስብሰባ ስላለኝ ፀጉሬን ላስተካክል ብዬ አዳፕተር ላይ ሰካኋት። ገና ስትነሳ ድምጿ ልክ አልነበረም፣ ጎረቤት ክፍል የሚሰማ ጩኸት ነበር፣ እኔ ግን ምናለበት ብዬ በጎን በኩል ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ እጄ ላይ ጋለች፣ ከዛ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ከዛ ጭስ፣ ከዛ ጸጥ። ግማሽ ራሴ ተላጭቶ ግማሹ እንዳለ ቀረ። ስብሰባውን ኮፍያ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት። ገልብጬ ሳያት "120 ቮልት" ብቻ ነው የሚለው፣ የሰካኋት ደግሞ 230 ላይ።

አዳፕተር ምን መሰለሽ፣ የሚቀይረው የፕለጉን እግር ብቻ ነው። ከግድግዳው የሚወጣው ቮልቴጅ እንዳለ ነው የሚያልፈው። እንግሊዝና አብዛኛው አውሮፓ 230 ቮልት ነው፣ ካናዳና አሜሪካ 120፣ ጃፓን 100፣ ብራዚል ደግሞ እንደ ከተማው 127ም 220ም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ቻርጀር ጀርባ አገላብጠሽ "ኢንፑት" የሚለውን ፈልጊ። ጽሁፏ በጣም ደቃቅ ናት፣ እኔ በስልክ ፎቶ አንስቼ አሳድጌ ነው የማነባት። "100-240 ቮልት 50/60 ኸርዝ" ካለ በቃ የትም ሄደሽ ትሰኪዋለሽ፣ የዘንድሮ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ሁሉም ማለት ይቻላል እንደዛ ነው።

ችግር ያለው እንደ ቶንዶሴ ሞተር ያለው ነገር ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያሞቅ ነገር ላይ ነው፣ ፔስትራ፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ውሃ ማፍያ። ለ120 የተሰራ ማሞቂያ 230 ላይ ሲሰካ ቮልቱ እጥፍ ገደማ ስለሆነ የሚስበው ኃይል ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፣ ለዛ ነው የሚነድደው። ያንቺ ፔስትራ "220-240" ብቻ የሚል ከሆነ ለንደን ላይ ይሰራልሻል፣ ቶሮንቶ ላይ ግን የጉልበቱን ሩብ ያህል ብቻ ስለሚያገኝ ለብ ብሎ ይቀራል፣ አያቃጥልሽም ግን ፀጉርም አይተኛለትም። ኮንቨርተር፣ ማለት ቮልቱን ራሱን የሚቀይር ዕቃ፣ ግዢ ይሉሻል፣ እኔ አልመክርም፣ ማሞቂያ የሚችለው ከባድ ነው፣ ቀላሉ ደግሞ አይችልም። ከዛ ይልቅ ሁለቱንም ቮልት የሚሰራ ፔስትራ ፈልጊ፣ አንዳንዱ እጀታው ላይ በሳንቲም የምትዞር ትንሽ ማብሪያ አለችው፣ እሷን ማዞር ረስተሽ እንዳትሰኪ ደግሞ።

ለንደን ስትደርሺ ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ወፍራም እግር ነው፣ ከጎኑም ማብሪያ ማጥፊያ አለው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሰክቼ ጠዋት 4 ፐርሰንት ላይ አገኘሁት። ሆቴል ከሆንሽ ደግሞ በሩ ጋ ካርድ የሚገባበት ነገር አለ፣ ካርዱን ይዘሽ ስትወጪ የክፍሉ መብራት ይጠፋል፣ አንዳንድ ቦታ ሶኬቱም አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ "ቻርጅ አድርጌ ልውጣ" ብለሽ ከመሄድሽ በፊት አረጋግጪ። ላፕቶፕሽ ብረት አካል ካለው ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ላይ ስትሰኪው እጅሽን ለስለስ አድርጎ ሊነዝርሽ ይችላል፣ የግራውንድ መስመር ስለሌለው ነው፣ ባለ ሦስት እግር ከተጠቀምሽ ይጠፋል።

ብዙ ዕቃ ካለሽ አንድ አዳፕተርና አንድ ዲቫይደር ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ግን ዲቫይደሩ እስከ 250 ቮልት እችላለሁ የሚል ይሁን፣ ፔስትራም አትሰኪበት። ከካናዳ የሚገዛውን ሰርጅ (ድንገት ከፍ የሚል ቮልት) መከላከያ ያለውን ዲቫይደር ግን 230 ላይ እንዳትሞክሪው፣ ውስጡ ያለው መከላከያ የተሰራው ለ120 ስለሆነ ራሱ ነው የሚፈነዳው።

ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ እንጂ ካርጎ አይገባም። እስከ 100 ዋት አወር (ባትሪው የሚይዘው ጉልበት መለኪያ ነው) ድረስ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 20,000 ሚሊአምፒር አወር በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት አወር ይሆናል፣ ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በር ላይ "አውሮፕላኑ ሞልቷል ሻንጣሽን ወደ ታች እናውርደው" ሲባል ነው፣ ያኔ ፓወር ባንኩን አውጥተሽ በእጅሽ ያዢ። ጃንዋሪ 2025 ኮሪያ ቡሳን ላይ መነሻ ሲጠብቅ የነበረ አውሮፕላን ከላይ ዕቃ ማስቀመጫው ጋ በተነሳ እሳት ነው የተቃጠለው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወጥቷል፣ የተጠረጠረው ፓወር ባንክ ነው። ከዛ ወዲህ በረራ ላይ ቻርጅ ማድረግ የሚከለክሉ አየር መንገዶች አሉ፣ ያንቺን ጠይቂ።

ኤርፖርት ላይ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ስልክ ይጠልፋል የሚባለው፣ ኤፍቢአይም በ2023 አስጠንቅቆበታል፣ ለኔ ትንሽ የተጋነነ ነው። ግን የራስሽን ቻርጀር ግድግዳ ላይ ከሰካሽ ጥያቄውም የለም፣ ቶሎም ይሞላልሻል።

ለማንኛውም የፔስትራሽን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ስር ለጥፊው አብረን እናያታለን። ጽሁፉ ተፋቆ ከሆነ ደግሞ ፕለጉ ጋ ወይ ገመዱ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ካለ እይ።