መልስ፦ የቀደመው ውሻ ነው፤ ፍቅሩም የቆየ ነው

ሰላም ወንድሜ። «ሰው መጀመሪያ ያላመደው እንስሳ የቱ ነው? ያኔ ለጥቅም ብቻ ነበር ወይስ ይወደውም ነበር?» ብለህ ጠይቀሃል።

የቀደመው ውሻ ነው። ዘሩ ከተኩላ ነው። በግ፣ ፍየልና ላም የተላመዱት እርሻ በተጀመረበት ዘመን አካባቢ ሲሆን፣ ውሻ ግን ሰው ገና በአደን ሲኖር ጀምሮ አብሮት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄህ ልብ የሚነካ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን ውስጥ፣ ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ፣ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች 14,000 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር አገኙ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና ውሻ አብረው ተቀብረዋል። የውሻው ጥርስ ብዙ ቆይቶ ሲመረመር፣ ቡችላ እያለ ለሳምንታት በጠና ታሞ እንደነበር ታየ። ተመራማሪዎቹ በሽታው ዲስቴምፐር የሚባለው ከባድ የውሾች የቫይረስ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንዲህ የታመመ ቡችላ ያለ አስታማሚ ቶሎ ይሞታል። ይሄኛው ግን ሰነበተ። ስለዚህ አንድ ሰው ውሃ አጠጥቶታል፣ አሙቆታል፣ አጽድቶታል ማለት ነው። አስበው እንግዲህ፣ የታመመ ቡችላ ለአደን ምን ይረባል? እኔ ይህን ፍቅር ነው የምለው።

ድመት የመጣችው ዘግይታ ነው። እህል ሲከማች አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትላ ደግሞ እሷ። ቆጵሮስ ላይ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች፤ 9,500 ዓመት ገደማ ይሆናታል። ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት ስላልነበራት፣ ባሕር አሻግረው የወሰዷት ሰዎች ናቸው።