የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ፍለጋ

«ከቤተሰብ ጋር ካደረጋችኋቸው ጉዞዎች የማይረሳችሁ የቱ ነው? መጽሐፍ አንብባችሁ ቦታውን ልታዩ የሄዳችሁስ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለእኔ የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዘሽ አንብቢው።

አባዬ የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን፣ መጀመሪያ የሰማው እንጂ ያነበበው አይደለም። በደርግ ጊዜ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት እየሄደ ያዳምጥ ነበር። መጽሐፉን የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሳውቀው ሽፋኑ የለም። በካላንደር ወረቀት ተለብዷል፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። ሲያነብልን ድምፁን እንደ ወጋየሁ ያደርጋል። ጉዱ ካሳ የሚናገርበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ መነጽሩን ያወልቃል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

«ጡረታ ስወጣ ዲማን አያለሁ» ይል ነበር፤ የልብ ወለዱን አገር ማለቱ ነው። ቀልድ ይመስለን ነበር። ጡረታ ወጣ፣ ጥቅምት 1999 መጣ፣ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ።

አምስት ሆነን በአጎቴ አሮጌ ኮሮላ ከአዲስ አበባ ተነሳን። አጎቴ ሾፌር፣ አባዬ ከፊት፣ እኔ፣ እህቴና እማዬ ከኋላ። እማዬ መጽሐፉን አንድ ገጽ አላነበበችም፤ የመጣችው ደብረ ሊባኖስ ታቆሙኛላችሁ ብላ ነው። አቆምንላት። ጸበሏን ይዛ፣ ጭላዳዎቹን ተቆጥታ (አንዱ ድፎ ዳቦዋ ላይ ዓይኑን ጥሎ ነበር) ተመለሰች። ከዚያ ጎሃ ጽዮን፣ ከዚያ ዓባይ በረሃ።

ዓባይ በረሃን ለማያውቅ፦ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ከዚያ የወረደውን ያህል ይወጣል። ከላይ ጃኬት ለብሰሽ ጀምረሽ ታች ስትደርሺ ሸሚዝ ይከብድሻል። ያኔ መንገዱ እየተሠራ ስለነበር አቧራው ሌላ ነው። አዲሱ ድልድይም አላለቀም ነበር፤ የተሻገርነው በአሮጌው ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለነበር እህቴ ካሜራዋን እማዬ ነጠላ ውስጥ ደበቀችው።

ወደ ደጀን አቀበቱን ስንጀምር መኪናው ፈላ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። አጎቴ ድንጋይ ጎማው ሥር አስገብቶ ውሃ ፍለጋ ላይና ታች ማለት ጀመረ። አባዬ ግን ደስ አለው! ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገደሉን እያሳየ፣ የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህ ከዲማ ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌልም ቤቷን ጥላ እሱን ፍለጋ ስትወጣ ይህን በረሃ እንዴት እንዳቋረጡት ይተርክልን ገባ። እማዬ ጸበሏ ለራዲያተር እንዳይወሰድባት ጀሪካኑን አቅፋ ታዳምጣለች። ሲጨርስ፦

«እሷ በእግሯ ተሻገረችው። እናንተ በመኪና አቃታችሁ» አለች።

አጎቴ እስኪሞት ድረስ በዚህች ነገር ተተርቧል።

ብቸና አደርን። ማታ አጎቴ ስለ በላይ ዘለቀ ሲያወራ አምሽቶ፣ ጠዋት በፒስታ መንገድ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሄድን። ዲማ ልብ ወለድ ከመሆኑ በፊትም የታወቀ የቤተ ክህነት ትምህርት ስፍራ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በ1902 ጎጃም ውስጥ ተወልደው፣ እዚያው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው ያደጉ ናቸው። መጽሐፉን በ1958 ሲያሳትሙ የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከሰው ሰምተው አልጻፉትም። እኛም ስንደርስ ደበሎ የለበሱ ልጆች ከጎጆዎቻቸው ደጅ ተቀምጠው ትምህርታቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙ ነበር። አንዱ ትንሽ ልጅ እኛን ሲያይ ቃሉ ጠፋበት፣ ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው።

አባዬ አንድ ሽማግሌ አገኘ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ስለ ሰብለ ወንጌል አባት እየቀለደ፦

«አባቴ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የት ነበር?» አላቸው።

ሽማግሌው ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም። በከዘራቸው ጉብታውን አሳዩት። «እዚያ ነው ይላሉ።»

እህቴ ዩኒቨርሲቲ የገባችበት ዓመት ነበር፣ ዝም ማለት አትችልም። «አባባ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው!»

«ልብ ወለድ ቢሆኑስ ልጄ፣ ሜዳ ይደሩ?»

አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራም። ጉብታው ላይ ወጣ። ያለው የጤፍ ማሳና አንድ ወይራ ብቻ ነው። ወይራው ሥር ተቀምጦ መጽሐፉን አወጣ፤ ግን አላነበበም። ማሳው ዳር የበቀለ አንድ የጤፍ ዛላ ቀጥፎ ገጾቹ መሃል አስገባና ዘጋው። ወደ ማንኩሳ፣ በዛብህ ወደተወለደበት፣ እንቀጥላለን ብለን ነበር። አባዬ «በቃኝ» አለ። ተመለስን።

ሌሎቹ ጉዞዎች ከዚህ ጋር አይወዳደሩም። ወንድሜ የአስመራ በረራ እንደገና ከተጀመረ በኋላ፣ በ2011፣ የበዓሉ ግርማን ኦሮማይን በቦርሳው ይዞ ሄደ። የአስመራ ዋና ጎዳና ኮምቢሽታቶ ላይ ማኪያቶ እየጠጣ የመጽሐፉን ፊያሜታን የምትመስል ሴት ሲፈልግ ሦስት ቀን ማሳለፉን ነግሮናል። ዝርዝሩን ለሚስቱ አልነገራትም። እኔም አንድ ሰሞን የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን መጻሕፍት እያነበብኩ ፒያሳን፣ ዶሮ ማነቂያን ስዞር ነበር። አሁን ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። ለማንኛውም ያ ሠፈር ከእናት ጋር የሚኬድበት አልነበረም።

ልትሄጂ ካሰብሽ ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው። ግን መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው አጣሪ። አሁን እንደ ያኔው ተነስቶ የሚኬድበት ጊዜ አይደለም። ውሃ በሁለት ጀሪካን ያዢ፣ አንዱ ለመኪናው። መጽሐፉን ደግሞ በጣም ከሚወደው ሰው ጋር ሂጂ እንጂ በጣም ከሚያውቀው ጋር አትሂጂ። የሚያውቀው እንደ እህቴ ያርምሻል።

አባዬ በ2009 አረፈ። መጽሐፉ እኔ ጋ ነው። ባለፈው ክረምት እማዬ ጉልበቷን አሟት ቤት ስትውል «እስቲ ያንን የአባትህን መጽሐፍ አንብብልኝ» አለችኝ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ አነብላት ጀመር። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ በወላጆቹ ተናደደች፣ ፊታውራሪን ረገመች፣ ጉዱ ካሳን ወደደችው። እንደ አባዬ ላነብላት ብሞክር «በራስህ ድምፅ አንብብ» ብላ አስቆመችኝ።

አንድ ማታ ገጹን ስገልጥ የጤፍ ዛላው ወደቀ። ፍሬው ረግፎ ገለባው ብቻ ቀርቷል። እማዬ ከምንጣፉ ላይ አንስታ መዳፏ ላይ አድርጋ ትንሽ አየችው። መልሳ ገጹ መሃል አስገባችና መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው።

«እዚህ ጋ ይብቃን» አለች። «መጨረሻውን አባትህ ነግሮኛል።»